መካፈልና መከፋፈል፦ የመለያየት ቃሎቻችን ታሪክ

በዛሬው የታሪክ ቅኝታችን የምናነሣው ስለ አንድ ጦርነት ወይም ስለ አንድ ንጉሥ አይደለም፤ ስለ ቃላት ነው። በተለይም ስለ መክፈል፣ ስለ መለየት፣ ስለ መበተንና ስለ መገንጠል የምንናገርባቸው ቃላት።

ለምን ቢባል፣ "ከፋፋይ" የሚለውን ቃል የማይሰማ ጆሮ የለም። መንግሥት ተቃዋሚውን ከፋፋይ ይለዋል። ተቃዋሚው መንግሥትን "ከፋፍሎ የሚገዛ" ይለዋል። ቋንቋዬ ይከበርልኝ የሚለው ከፋፋይ ይባላል፤ አንዲት ሀገር ትኑረን የሚለውም በሌላው ወገን ዘንድ ከፋፋይ ይባላል። ሁሉም በሁሉም ላይ የሚለጥፈው ስድብ ደግሞ ውሎ አድሮ ምንም የማይናገር ድምፅ ይሆናል። ጉዳቱ ግን እንዲሁ አይቀርም። ድርሻዬን ስጡኝ የሚለውን ሰው ሀገር ሊያፈርስ ከሚነሣው ሰው ለይተን ማየት ያቅተናል። ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሕዝብ አንዱን በሌላው ኃጢአት ይቀጣል፤ ይህም በታሪካችን ደጋግሞ ደርሷል።

ስለዚህ ቃላቱን መጀመሪያ ወደ ኖሩበት ወደ ቤት፣ ወደ ማዕድና ወደ ማሳ እንመልሳቸውና በዕለት ኑሮ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ እንይ። ከዚያ ወደ ታሪኩ እንሄዳለን።

ከፈለ፣ ተካፈለ፣ ከፋፈለ

አማርኛ "ከፈለ" ሲል ሁለት ነገር ይላል። እናት ዳቦውን ለአራት ልጆች ከፈለች እንላለን፤ አባወራው የቤት ኪራይ ከፈለ እንላለን። መለየትና ዕዳን መስጠት በአንድ ግስ ተነገሩ ማለት ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም፤ የጋራ ከሆነው ነገር ላይ የሚገባውን ለሚገባው መስጠት ነውና ትርጉሙ። ልጆች የሚማሩበት ክፍል፣ የምንተኛበት ክፍል፣ ክፍለ ዘመን፣ ክፍለ ጦር፣ ክፍለ ከተማ የምንላቸው ሁሉ ከዚሁ ግስ የወጡ ናቸው። ሁሉም ከጀርባቸው አንድ ሙሉ ነገር አለ። ቤት ባይኖር ክፍል የሚባል አይኖርም።

ይኸው ግስ "ተካፈለ" ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ሐዘን ተካፈልን፣ ደስታ ተካፈልን፣ በስብሰባው ተካፈልን እንላለን። ተካፋይ ማለት ድርሻ ያለው ማለት ነው፤ በነገሩ ውስጥ የገባ፣ አብሮ የተቀመጠ።

አሁን አንዲት ፊደል ደግመን እንጨምርበትና "ከፋፈለ" እንበል። ሰበረ ሰባበረ ይሆናል፣ ቀደደ ቀዳደደ፣ ለየ ለያየ፣ በተነ በታተነ። ድርጊቱ ሲደጋገም፣ ሲበዛ፣ ያለ ልክ ሲሆን አማርኛ ፊደሏን ይደጋግማል። ወጥ ቤት ውስጥ ይህ ነውር የለበትም፤ ድንቹን ከፋፍላ ድስት ውስጥ ጨመረች ብንል ማንም አይቆጣም። በሰው ላይ ሲሆን ግን ጉዳት ነው። ሰው እንደ ድንች ተከፋፍሎ ጤና አይኖረውም።

"ለየ" የሚለውም እንዲሁ ነው። መለየት ማወቅ ነው፤ ሐኪም በሽታውን ለየ፣ እረኛ በጎቹን ለየ ይባላል። "ልዩ" ሲባል ምርጥ ማለት ነው። ከዚሁ ቃል ግን "በሞት ተለየ" የሚለውም ይወጣል። በሀገራችን ብዙ ቦታ፣ በተለይም በወሎ፣ ክርስቲያኑ ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አራጅ ይጠራል፣ ማዕዱም ለብቻ ይሰናዳል። ማዕዱ ይለያል፤ ሰርጉ ግን አንድ ነው። ይህ መለየት ነው እንጂ መለያየት አይደለም። አባቶቻችን ይህን ልዩነት በመጽሐፍ ሳይሆን በኑሯቸው ያውቁት ነበር።

ቅርጫና ቅርምት

ክፍፍል በሀገራችን እንዴት እንደሚደረግ በደንብ የሚያሳየን ቅርጫ ነው። ለመስቀል፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ። በሬው ይታረዳል፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ይደለደላል። ልብ በሉ፣ አንዱ መደብ ጎድን ብቻ፣ ሌላው አጥንት ብቻ አይሆንም። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከጎድኑም፣ ከጭቅናውም ለእያንዳንዱ መደብ በየልኩ ይደርሰዋል። መደቦቹ እኩል ከሆኑ በኋላ ዕጣ ይጣላል። ሥጋውን የሚደለድለው ሰው የትኛው መደብ ለእሱ እንደሚደርሰው አያውቅም። ስለማያውቅም አያዳላም። ባለቤቶቹ ሁሉ ቆመው ያያሉ። ቆዳውና ጭንቅላቱ ምን እንደሚሆንም አስቀድመው ይነጋገራሉ።

እንግዲህ ይህ ትልቅ የፍትሕ ሥርዓት ነው። ቅርጫ የገባ ሰው ለአንዱ ቤት የሚሆን ሥጋ ይዞ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው በዓል ግን ከዚያው ሰው ጋር እንደገና ያዋጣል። መከፈሉ ጉርብትናውን አያፈርሰውም፤ ይልቁንም ያጠነክረዋል።

ሌላ ቃል ደግሞ አለን፤ ቅርምት። ተቀራመቱት ስንል ባለቤቱ በሌለበት የደረሰ ሁሉ የቻለውን ያህል ነጥቆ ሄደ ማለታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 እና 1885 የአውሮፓ መንግሥታት በርሊን ላይ ተሰብስበው አፍሪካን እንዴት እንደሚይዟት ደንብ ሲያወጡ የአማርኛ ጸሐፊዎች "የአፍሪካ ቅርምት" አሉት እንጂ ቅርጫ አላሉትም። ትክክል ነበሩ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድም አፍሪካዊ አልተቀመጠም ነበርና።

ኢትዮጵያ ዓድዋ ላይ ብታሸንፍም ከዚህ አላመለጠችም። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ የሦስትዮሽ ውል ተፈራረሙ። ዳግማዊ ምኒልክ በዚያ ዘመን ታመው ነበር፤ ሦስቱ መንግሥታት እሳቸው ቢሞቱ ሀገሪቱ ትበተናለች ብለው ያስቡ ነበር። ስለዚህ ፈረንሳይ የባቡሩን መስመር፣ እንግሊዝ የዓባይንና የገባሮቹን ውኃ፣ ጣሊያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያገናኝ መሬት የየራሳቸው የጥቅም ቀጣና አደረጉ። ምኒልክ የሰጡት መልስ ትሕትናና ጥንካሬ የተቀላቀለበት ነበር፦ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ፣ ነገር ግን ሥልጣኔን አይነካውም የሚል መንፈስ ያለው። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን ስለ ጣና ውኃና ስለ ባቡር መስመር ከእኛ ተደብቀው በደብዳቤ ሲስማሙ ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ነገሩን ወደ መንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው ወሰዱት። የሁለቱም መሪዎች ክርክር በሌላ አነጋገር ቅርጫና ቅርምት ላይ ነበር፤ በሬው የእኔ ሆኖ ሳለ እኔ በሌለሁበት ቢላዋ ማን አነሣ ማለታቸው ነው።

ታሪክ ሲነገር ግን የሚያኮራውን ብቻ መርጦ መናገር አይገባም። በዚያው ዘመን በደቡብ፣ በምዕራብና በምሥራቅ አዲስ በተያዙት አገሮች መሬት በቀላድ እየተለካ ሲከፈል ሲሶው ለባላባቱ ቀርቶ ሌላው ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለሠራዊቱ የሄደበት ብዙ ቦታ ነበር። አራሹ ገበሬ ገባር ሆነ። ገመዱ ሲዘረጋ የመሬቱ ባለቤት አልተጠየቀም። ከአውሮፓውያን ጋር አይመሳሰልም ብለን የምንከራከርበት ብዙ ምክንያት ይኖረናል፤ ያ ገባር ግን ተካፍያለሁ ብሎ ሊናገር አይችልም ነበር። ከስልሳና ከሰባ ዓመት በኋላ ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው የወጡት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የተወረሰው፣ ያ ሒሳብ ሳይዘጋ ስለቆየ ነው።

ከጠቅላይ ግዛት እስከ ክልል

አሁን ወደ አስተዳደር ቃላት እንለፍ። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር እናያለን።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ሀገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ተዋቀረች። "ጠቅላይ" የሚለው ቃል ከጠቀለለ ጋር ዘመድ ነው። ጥሩ ጎኑ ሁሉን በአንድ መያዙ ነው። መጥፎ ጎኑንም አማርኛ ራሱ ይነግረናል፤ "ጠቅልሎ ወሰደው" ስንል ለሌላው ምንም አልተረፈም ማለታችን ነው። በዚያ ዘመን ሹመቱ፣ በጀቱና ውሳኔው አዲስ አበባ ተጠቅልሎ ይኖር እንደነበር የቆዩ ሰዎች ያስታውሳሉ።

ደርግ ሲመጣ ጠቅላይ ግዛት የሚለው ስም ቀርቶ "ክፍለ ሀገር" ተባለ። አስራ አራቱ ክፍላተ ሀገር። ከቃልነቱ ካየነው ይህ ከሁሉ የተሻለው ስም ነበር፤ የአንዲት ሀገር ክፍል ማለት ነውና። ነገር ግን ስሙ ተካፋይነትን ቢናገርም ሕዝቡ የሥልጣን ተካፋይ አልሆነም። ስም ብቻውን ምን ያደርጋል? መስከረም 1980 ዓ.ም. የሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ ሲመሠረት አምስት ራስ ገዝና ሃያ አራት አስተዳደር አካባቢዎች ተዋቀሩ፤ አራት ዓመት ሳይሞላ ግን መንግሥቱ ራሱ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቃል "ክልል" ነው። በጥር 1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 አስራ አራት ክልሎች ተቋቋሙ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዘጠኝ ሆኑ። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ከዚያም ደቡብና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብለው ሲደራጁ ዛሬ አስራ ሁለት ደርሰዋል። የሕገ መንግሥቱ የእንግሊዝኛ ቅጂ "ስቴት" ይላል፤ የአማርኛው "ክልል" ይላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ክልል ከከለለ የመጣ ነው። ከለለ ማለት ጋረደ፣ አጠረ፣ ወሰን አበጀ ማለት ነው። የአየር ክልል ስንል ያለ ፈቃድ የማይገባበት ሰማይ ማለታችን ነው። ከዚሁ ግስ ግን "ከለላ" የሚለውም ይወጣል፤ ጥላ፣ መከታ፣ ጥበቃ።

እንግዲህ የሠላሳ ዓመቱ ክርክራችን በዚህ አንድ ቃል ሁለት ትርጉሞች ውስጥ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቋንቋው መማርና መዳኘት ያልቻለው ሕዝብ ክልሉን ከለላ ብሎ ተቀበለው። ይህ ሐቅ ነው፤ የሚካድ አይደለም። በዚያው ክልል ውስጥ ለትውልድ የኖረው ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ግን አንድ ቀን ማለዳ ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ "መጤ" ተብሎ ተጠራ። በ1984 ዓ.ም. በአርባ ጉጉና በበደኖ የደረሰውን እልቂት እናስታውሳለን። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ ከ800 ሺህ በላይ ሰው ከቀዬው ሲወጣ ሁለቱም ወገኖች ለዘመናት አብረው ቡና ሲለቅሙ የኖሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች ያወጣንላቸውን ስም ተመልከቱ፤ ተፈናቃይ። ፈነቀለ ማለት ሥር የሰደደን ድንጋይ በብረት ጎርጉሮ ማንሣት ነው። በገጠር የሰው ቃል አልነበረም፤ የድንጋይና የጉቶ ቃል ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ክልል ይኑር ወይስ አይኑር ብቻ አይደለም። ከለላው ውስጥ ላለው ሁሉ ነው ወይስ ለአንዱ ብቻ? አጥሩ በር አለው ወይስ የለውም? ይህን ሳንመልስ ስሙን ብንለውጠው ወይም ባንለውጠው ልዩነት አያመጣም።

ገነጠለ

ገነጠለ የዛፍ ቃል ነው። ቅርንጫፍ ይገነጠላል፣ ቅጠል ይገነጠላል። ዶሮ የምታሰናዳ ባለሙያ ግን አትገነጥልም፤ ትበልታለች። መገጣጠሚያውን በጣቷ ፈልጋ፣ አጥንቱን ሳትሰብር አስራ ሁለቱን ብልት ታወጣለች። መገንጠል በኃይል ነው፤ መበለት በዕውቀት ነው።

በደርግ ዘመን ሬዲዮ የከፈተ ሁሉ "ገንጣይና አስገንጣይ" የሚለውን ሐረግ በቃሉ ያውቀው ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ ቃሉ "ነጻ አውጪ" ነበር። ሠላሳ ዓመት በሁለቱ ቃላት መካከል ተዋጋን፤ በብዙ አስር ሺዎች የሚቆጠር የሁለቱም ወገን ወጣት አለቀ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና 99.8 በመቶው ለነጻነት ድምፅ ሰጠ ተባለ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም "እስከ መገንጠል" የሚለው ሐረግ በአንቀጽ 39 ተጻፈ።

እኔ ዛሬ ያ ውሳኔ ትክክል ነበር ወይም አልነበረም የሚለውን ክርክር አልከፍትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። መለየቱ ከተወሰነ በኋላ መበለቱ አልተደረገም። ማን የየትኛው ሀገር ዜጋ እንደሚሆን፣ የወደቡ አጠቃቀም፣ የገንዘቡ ነገር፣ ወሰኑ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ እነዚህ ሁሉ በግልጽ ወረቀት አልተዘጉም። በሁለት መሪዎችና በሁለት ድርጅቶች መተማመን ብቻ ታለፉ። በ1990 ዓ.ም. ናቅፋ ታተመ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ባድመ ላይ ጦርነት ተጀመረ። አዲስ አበባ የተወለዱ ሰዎች በሌሊት ከቤታቸው ተወስደው ወደ ድንበር ተላኩ፤ አሥመራ የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያዩ። እነዚያ ሰዎች ገንጣይም አስገንጣይም አልነበሩም። ቅርጫው ሳይደለደል ሥጋው ስለተነሣ ነው ዕዳው በእነሱ ላይ የወደቀው።

አንጃና ቅንጅት

በፖለቲካ ድርጅቶቻችን ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ቃል "አንጃ" ነው። በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. ኢሕአፓ ውስጥ በከተማ የትጥቅ ትግል ላይ የሐሳብ ልዩነት ተነሣ። ጌታቸው ማሩና ብርሃነ መስቀል ረዳ የተለየ ሐሳብ ስላቀረቡ "አንጃ" ተባሉ። ጌታቸው በገዛ ድርጅቱ እጅ ተገደለ። ብርሃነ መስቀል ሸሽቶ ቆይቶ በኋላ በደርግ እጅ ወድቆ ተገደለ። ያ ቃል ከተለጠፈበት በኋላ ሐሳቡን የሚመረምር አልነበረም፤ ቃሉ ራሱ ፍርድ ነበርና። በሕወሓት የመጀመሪያ ዓመታትም "ሕንፍሽፍሽ" በሚል ስም የሚታወቅ ተመሳሳይ ቀውስ ነበር። መጋቢት 1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ የተሸነፉት ወገኖች በድጋሚ "አንጃ" ተባሉ። ሃያ አምስት ዓመት አልፎ፣ ሌላ ድርጅት፣ ያው ቃል።

በተቃራኒው በ1997 ዓ.ም. የመጣውን ቃል አስታውሱ፤ ቅንጅት። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር ጠምደው በተራ ማሳቸውን ሲያርሱ መቀናጀት ይባላል። አራት ፓርቲዎች ይህን ስም ይዘው ሲመጡ ገበሬው ማብራሪያ አላስፈለገውም። መሪዎቹ ታስረው ሐምሌ 1999 ዓ.ም. ተፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ በ2000 ዓ.ም. ተለያዩ። መለያየቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣ። በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች አብረው ገንዘብ ያዋጡ የድጋፍ ማኅበራት ለሁለት ተከፈሉ፤ በአንድ ምግብ ቤት ተገናኝተው ሰላም የማይባባሉ ወዳጆች ነበሩ። ገበሬው ሲቀናጅ ግን አስቀድሞ የሚነጋገረው ነገር አለ፦ ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን፣ በሬ ቢታመም እንዲህ። የእኛ ፖለቲከኞች ቃሉን ከገበሬው ወሰዱ፤ ውሉን አልወሰዱም።

በተነ፣ ዘራ፣ ሰደደ

በመጨረሻ ወደ እኛ ወደ ራሳችን እንምጣ፤ ከሀገር ውጭ ወዳለነው።

በ1983 ዓ.ም. በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ የነበረው የኢትዮጵያ ሠራዊት "ተበተነ" ተባለ። ስብሰባ ይበተናል፣ ሰልፍ ይበተናል፣ ዱቄት ይበተናል። የተበተነ ነገር ማን ወዴት እንደሄደ የሚቆጥርለት የለም። ያ ወታደር በሱዳንና በኬንያ በኩል ተሰደደ፤ ሌላው በየከተማው ጎዳና ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ብዙዎቻችሁ ከዚያ ትውልድ ናችሁ፤ ወይም የዚያ ትውልድ ልጆች ናችሁ።

"ስደት" የሚለው ቃላችን ሰደደ ከሚለው ነው፤ ሰደደ ማለት ላከ፣ አባረረ ማለት ነው። ሰደድ እሳትም ከዚሁ ነው። "ዲያስፖራ" የሚለው ግን ከግሪክ የመጣ ነው፤ የጥንት አይሁድ ከሀገራቸው መበተናቸውን ለመናገር ያገለገለ ቃል ሲሆን ሥሩ ዘር መዝራት ነው። ግሪኩ የብዙ ሰዎችን መበተን ይናገራል፤ አዲስ አበባ ሲገባ ግን አንድ ሰው ብቻውን "ዲያስፖራ" ሆነ። "እሱ እኮ ዲያስፖራ ነው" ይባላል፤ ዶላር አለው ለማለት።

እዚህ ላይ አንድ የማያስደስት ነገር እንናገር። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ እነዚያን እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ማንም ዲያስፖራ አላላቸውም። "ከስደት ተመላሽ" ነው የተባሉት። ከዋሽንግተን ለበዓል የሚሄደው ዲያስፖራ ነው፤ ከሪያድ ተባርራ የምትመጣው ተመላሽ ናት። ሁለቱም ቤተሰባቸውን በሚልኩት ገንዘብ ያኖራሉ። እንዲያውም ከቤሩትና ከሪያድ የሚላከው ከሰው ጓዳ፣ ያለ ዕረፍት ቀን የተገኘ ነው። ሌሎች ከፋፈሉን ብለን ከመክሰሳችን በፊት እኛ በአፋችን የከፋፈልነውን ማየት ይገባናል።

የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ሲሾሙና አቡነ መርቆሬዎስ ሲሰደዱ በውጭ ያለው ምዕመን ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ የሀገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ ስደተኛው ሲኖዶስና ገለልተኛ። ሲኖዶስ የሚለው የግሪክ ቃል ሥሩ አብሮ መንገድ መሄድ ነው። በአንድ ከተማ ሦስት ጥምቀት ይከበር ነበር፤ የአንዱ ቤት ልጅ ክርስትና ሲነሣ የሌላው ዘመድ የማይመጣበት ጊዜ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ ወረደ፤ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ ሀገራቸው ገቡ። ዕርቁ የተሳካው አንዱ ወገን ሌላውን ከፋፋይ ነህ ብሎ ስላሸነፈው አይደለም። ሁለቱም ፓትርያርኮች በጸሎት እንዲጠሩ፣ ውግዘቱ እንዲነሣ፣ ጳጳሳቱ ቦታቸውን እንዲያገኙ ተነጋግረው መደቡን ስለደለደሉ ነው። በኋላ ሌላ ፈተና መጣ፤ ያ ግን የዚያን ቀን ሥራ አያሳንሰውም።

ይህ አሁን የምትከታተሉት ሥርጭትም ራሱ የመበተን ቃል ነው። በእንግሊዝኛ "ብሮድካስት" የሚለው ቃል ከሬዲዮ በፊት ገበሬ ዘርን በእጁ ሰፋ አድርጎ መበተኑን ይናገር ነበር። ዘር ሲበተን አይጠፋም፤ ይበቅላል። የሚበቅለው ግን የተዘራው ነው። "ዘር" የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የማሳው አለ፣ በመታወቂያ ላይ የተጻፈውም አለ። ከዋሽንግተን፣ ከለንደን፣ ከአምስተርዳም በሳተላይት የምንዘራው የትኛውን እንደሆነ እኛ በውጭ ያለን የመገናኛ ብዙኃን ሰዎች ልንጠየቅ ይገባል። እኛ እዚህ በሞቀ ስቱዲዮ ተቀምጠን የበተንነው ቃል እዚያ የሚያጭደው ሰው አለ፤ ጎረቤቱ በር ላይ የሚቆም ሰው።

ሦስት ጥያቄ

ስለዚህ ከዛሬ በኋላ አንድ ሰው ሌላውን "ከፋፋይ" ሲለው በሰማችሁ ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሦስቱም ከቅርጫው የመጡ ናቸው።

አንደኛ፣ ቢላዋው ሲነሣ ባለቤቶቹ ሁሉ አሉ? አንድም ባለቤት ከሌለ ያ ቅርምት ነው፤ ስሙ አንድነት ይባል ወይም ነጻነት ይባል ለውጥ የለውም።

ሁለተኛ፣ የሚደለድለው ሰው የትኛው መደብ እንደሚደርሰው አስቀድሞ ያውቃል? ካወቀ ሚዛኑ የተዛባ ነው። ሕግ የሚያወጣ መንግሥት ነገ ተቃዋሚ ቢሆን በዚያ ሕግ ለመኖር ፈቃደኛ ካልሆነ ያ ሕግ ሕግ አይደለም።

ሦስተኛ፣ በሚቀጥለው በዓል አብረው ያዋጣሉ? ከተካፈሉ በኋላ የማይገናኙ ከሆነ ያ መካፈል አልነበረም።

ድርሻዬ ይድረሰኝ የሚል ሰው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አይፈራም፤ እንዲያውም እሱ ራሱ ይጠይቃቸዋል። የሚፈራቸው ጠቅልሎ የሚወስደውና ገንጥሎ የሚሄደው ነው። እነዚህ ሁለቱ ጠላቶች ይመስላሉ፤ በዚህ ግን አንድ ናቸው። ሁለቱም መደብ ሲደለደል መቆም አይፈልጉም።

አባቶቻችን ንጉሥ የሌለበትንና ማንም በየአካባቢው ያሻውን የሚያደርግበትን ዘመን ዘመነ መሳፍንት ብለው ስም ሲያወጡለት ከመጽሐፍ ቅዱስ ወስደው ነው። ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ሰማንያ ስድስት ዓመት ቆየ። ዛሬ ማንም ሊያስፈራራን ሲፈልግ ያንን ስም ያነሣል። ያ ዘመን ግን የመጣው ሕዝቡ ድርሻውን ስለጠየቀ አልነበረም። መኳንንቱ በጎንደር ዙፋን ላይ ስለተቀራመቱ ነው፤ ገበሬው ግን እህሉን ለሁሉም ሲገብር ኖረ። ዛሬም የሚፈራው የሕዝብ ጥያቄ አይደለም። መፍራት ያለብን ሕዝቡ በሌለበት የሚነሣውን ቢላዋ ነው።

የዛሬው ቅኝታችን በዚህ ያበቃል።